ተኳሿና የተዘጋው ድስት

ተኳሽ መባሏን የሰማ እንግዳ ሰው ጠመንጃ ያነገተች ሴት ይጠብቅ ይሆናል። የእሷ ትጥቅ ግን ካውያና እንፋሎት ነው። ከቤቷ ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ፣ በጫማ ሰፊውና በፋርማሲው መሐል በተሰነቀረች ላውንደሪ ውስጥ፣ ልጇ ሳትወለድ ጀምሮ የሰው ሸሚዝና አንሶላ ስትተኩስ ኖራለች። ስም አላት፤ በስሟ የሚጠራት ግን የለም። ደንበኛውም ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም «እትዬ ቶሎ» ይላታል። ቶሎ በሉ፣ ቶሎ ግቡ፣ ቶሎ ተኙ የየዕለት ቋንቋዋ ነው። ባሏን አንድ ቀን «ቶሎ ብለህ እረፍ!» ማለቷን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም። ምግብ ቆማ ትበላለች፣ ስልክ እየተራመደች ታወራለች። ቀጠሮ ካላት ቀድማ ትደርስና የቀጠራትን ሰው ፍለጋ ትወጣለች፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ተቀምጣ ከታየች ጎረቤት «ምን ነካት?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥፋቱ ሁሉ የእሷ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል፤ ሥራውም አለበት። የምትሠራበት ማሽን ከላይና ከታች ሰፋፊ መንጋጋ ያለው የእንፋሎት መተኮሻ ነው። ሸሚዙን ታችኛው ላይ ትዘረጋለች፣ ላይኛውን ታወርዳለች፣ ፔዳሉን በእግሯ ትረግጣለች፣ እንፋሎቱ በየጎኑ ፉሽ ብሎ ይወጣል፣ ወዲያው ታነሳዋለች። ሙያው ያለው ማንሳቱ ላይ ነው። ትንሽ ከዘገየች ነጩ ሸሚዝ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁሩ ሱሪ መቀመጫው ላይ ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱም በር ላይ ቆሞ ጉድ ያፈላል። ስለዚህ በዚያ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ ተዘግቶ እንፋሎት የሚወጣው ነገር ካየህ ክፈተው። ይሄ ነገር ከጭንቅላቷ ወጥቶ ክንዷ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ ቆይቷል። ሻይ ቤት ገብታ የማታውቀውን ሰው ማንቆርቆሪያ ከፍታ ታውቃለች። ሰውየው ሲያፈጥባት ይቅርታ እንኳ አልጠየቀችም፤ «ፈልቷል» ብላው አለፈች።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ልጇ ምን ብትገዛላት ጥሩ ነው? ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት! ሞላላ፣ ከባድ፣ ውስጡ ሸክላ፣ ክዳኑ መስታወት። ሥጋው ጠዋት ይገባና ማታ ይበላል፤ በመሐሉ የሚሠራ ምንም ነገር የለም።

«እንድትቀመጪ ነው እማ» አለቻት ልጇ ካርቶኑን አስታቅፋት።

ተኳሿ ስጦታውን ተቀብላ ጉንጯን ሳመቻት። በሆዷ ግን፣ ይሄ ስጦታ ነው ወይስ ስድብ አለች። ድስቱም ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ሲጠጣ ከረመ።

እዚያው ይቀር ነበር፣ የሕፃኗ ነገር ባይመጣ። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ወራት አልፈዋል። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ሥራ ልትገባ ነው። ሕፃኗ የት እንደምትውል ግን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ተኳሿ ሕፃኗን ትፈልጋታለች። እንዲያው ብትመጣልኝ ደስ ይለኛል የሚሉት ዓይነት መፈለግ አይደለም፤ ከእንቅልፍ የሚያባንን መፈለግ ነው። ለማንም ሳትናገር፣ ባሏን እንኳ ሳታማክር፣ ለላውንደሪው ባለቤት ከሰኞ ጀምሮ ሥራ እንደማትገባ ነግራዋለች። ልጇን ግን አልጠየቀችም።

ያልጠየቀችው ስለፈራች ነው። አንድ ቀን ልጇ ቤት ሄዳ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ስታጥብ፣ ልጅቷ ሳሎን ሆና ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። «የኔ እናት? ሕፃን አስተኝታ ዝም ብላ ትቀመጣለች ብለሽ ነው?» አለችና ከት ብላ ሳቀች። በክፋት የሳቀችው ሳቅ አልነበረም። ተኳሿም ይሄን ታውቃለች። ሆኖም ያ ሳቅ ገብቶ አንጀቷ ላይ ተቀመጠ፤ ሸሚዝ ስትተኩስ ይሰማታል፣ መንገድ ስትሻገር ይሰማታል።

ስለዚህ ልጇ ደውላ «ቅዳሜ ማታ ከሕፃኗ ጋር እራት እንመጣለን፤ የምንነጋገረውም ነገር አለ» ስትላት፣ ተኳሿ ስልኩን ሳትዘጋ ወንበር ላይ ወጥታ ካርቶኑን አወረደች። ዶሮ በክሬምና በሩዝ፣ በዚያው ድስት! ልጅቷ ስትገባ እናቷን ሶፋ ላይ እጇን አጣጥፋ ታገኛታለች። ድስቱ በራሱ ጊዜ ይበስላል። እናትየው አትነካውም። እንዲህ ያለች ረጋ ያለች እናት እያለች ሕፃኗን ለሌላ ማን ይሰጣል?

ቅዳሜ ጠዋት ዶሮው ተቆራርጦ፣ ቀይ ሽንኩርቱና ካሮቱ ተከትፈው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጦ ሲያልቅ ባሏ ገና የመጀመሪያውን ሻይ አልጨረሰም። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያጣድፈው ኖሮ፣ አሁን ዓለም ቢገለበጥ አልነሳም ብሎ መስኮቱ ሥር ጋዜጣውን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ሁለቱ እንዴት ተጋቡ ብሎ ያልጠየቀ የለም። እሱ «አሳፍሬያት ሳልጨርስ ወረደች፤ ወርጄ ተከተልኳት» ይላል።

ሽንኩርቱን ከታች፣ ዶሮውን ከላይ አደረገች። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የገበታ ቅቤ፣ መረቅ ጨመረች። ክዳኑን ከድና ሶኬቱን ስትሰካ ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ጣድሽው?»

«ጣድኩት።»

«እንግዲህ እስከ ከሰዓት በኋላ አትንኪው። ዶሮው ከአጥንቱ ልቅቅ ሲል ነው ሩዙን የምትጨምሪው፣ ክሬሙን ደግሞ መጨረሻ ላይ። ክዳኑን በከፈትሽው ቁጥር ሙቀቱ ብን ብሎ ይሄዳል፣ መልሶ እስኪሞቅ እድሜ ነው። ሰምተሽኛል?»

«አንቺ ልጅ፣ ስለ ሙቀት እኔ ካንቺ ልማር?»

«እማ!»

«አልነካም አልኩሽ እኮ። ምን በወጣኝ!»

ስልኩን ዘጋችና ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እጇን አጣጠፈች። ሰዓቱን አየች። ግድግዳውን አየች። ባሏን አየችው፤ ባሏ ደግሞ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ እሷን እያየ ነበር።

«ምን ታያለህ?»

«ምንም። ተቀምጠሽ ሳይሽ ጊዜ ነው።»

መጀመሪያ ያስጨነቃት የድስቱ ዝምታ ነው። ድስት ሲባል ይንፈቀፈቃል፣ ይንተከተካል፣ ቢያንስ ያጉረመርማል። ይሄኛው ቃል የለውም። ይሠራል? አይሠራም? መብራቱ ሄዶ ይሆን? ተነስታ ጎኑን ዳሰሰችው፤ ለብ ብሏል። ተመልሳ ተቀመጠች። ደግሞ ተነስታ ዳሰሰችው። በሦስተኛው ስትሄድ መስታወቱ ደመና ለብሶ ውስጡ አይታይም፤ በክዳኑ ጠርዝ በኩልም ቀጭን እንፋሎት ብቅ ብሏል።

ይሄን ጊዜ አለቀላት። እሷ ሳታዝዘው ክንዷ ተነሳና ክዳኑን አነሳ። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታው ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿ ተመለሰ። ዶሮው እንዳስቀመጠችው ተኝቷል። ክዳኑን መለሰችው።

«ከፈትሽው?» አለ ባሏ ከጋዜጣው ጀርባ።

«ላየው ብቻ ነው።»

«ምን አለሽ?»

«ማን?»

«ዶሮው።»

ፎጣ ወረወረችበት።

እራሷን ለማታለል ሥራ ፈጠረች። የተወለወለ መስኮት ወለወለች። መጋረጃውን አውርዳ ተኮሰችና መልሳ ሰቀለችው። ችግሩ ባልዲውም ውሃውም የካውያው ጠረጴዛም ያሉት ኩሽና ውስጥ ነው። በገባች ቁጥር ያ ጭጋጋም ክዳን ይጠብቃታል፣ በወጣች ቁጥር ክንዷ ደርሶ ተመልሷል። አንዳንዴ መክፈቷን የምታውቀው ከከደነችው በኋላ ነው። «ወይ እዳዬ!» አለች በመጨረሻ፣ ክዳኑን በእጇ ይዛ ቆማ። እዚህ ቤት ከዋለች ይሄ ዶሮ ለከርሞም አይበስልም። ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ቦርሳዋን አነሳች።

«የት ነው?»

«ልውጣ። እንዳትነካው!»

«እኔ? እኔ መቼ ከዚህ ተነስቼ አውቃለሁ» አለ ባሏ።

እግሯ ሌላ መንገድ ስለማያውቅ ላውንደሪ ወሰዳት። ቅዳሜን ፈቃድ ጠይቃ የቀረች ሴት በር ላይ ስትታይ፣ ማጠቢያው ክፍል ያለችው አጣቢ ሳሙናማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሁለቱ አብረው ያረጁ ናቸው፤ አጣቢዋ ዝግ ብላ የምትሄድ፣ ምላሷ ግን የሚቀድማት ሴት ናት።

«ዛሬ ዶሮ አበስላለሁ አላልሽም እንዴ?»

«እያበሰልኩ ነው።»

«እዚህ ሆነሽ?»

«ድስቱ ብቻውን ነው የሚያበስለው። አንቺ ሸሚዝ ስጪኝ።»

የሸሚዝ ክምር ፊት ስትቆም ልቧ ትንሽ ረገብ አለ። ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ጀርባውን። መንጋጋውን አውርድ፣ ርገጥ፣ አንሳ። እዚህ ማንም አትክፈቺ አይላትም። እዚህ የምትከፍተው ትክክል ነው። አጣቢዋ በሩ ላይ ተደግፋ ትመለከታታለች።

«እውነት ሰኞ አትመጪም?»

«አልመጣም።»

«ልጅሽን ጠየቅሻት? ስጪኝ ብለሽ፣ አፍ አውጥተሽ?»

«ማታ ስትመጣ ታየዋለች። እራቱን ስታይ፣ እኔን ተቀምጬ ስታይ፣ ይገባታል።»

«ጉድ እኮ ነው» አለች አጣቢዋ። «ዶሮ አማላጅ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ለምን አትጠይቂያትም?»

ተኳሿ ፔዳሉን ረገጠች። እንፋሎቱ በመሐላቸው ወጣ። «እምቢ ብትለኝስ?» አለች ቀና ሳትል። «ካልጠየቅኳት እኮ እምቢ አላለችኝም።»

አጣቢዋ ሌላ ሸሚዝ አቀበለቻት።

ወደ ቤት ስትመለስ ጥላ ረዝሟል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች። ባሏ እንደተወችው ተቀምጧል፤ ቤቱ ግን ዶሮ ዶሮ ይሸታል፣ ተከድኖ ከዋለ ድስት ከሚጠበቀው በላይ። ዓይኑን ፈለገችው፤ ዓይኑን ጋዜጣው ውስጥ ደብቆታል። ለመመርመር ጊዜ የለም። ክዳኑን አነሳች። ዶሮው ነጥቷል እንጂ ከአጥንቱ የመላቀቅ አሳብም የለው። ፀሐይዋ እየወረደች ነው፣ እነሱ ሊመጡ ነው። ትንሽ ይቆይ ብትል ኖሮ እሷ እሷ ባልሆነች። ሩዙን አጥባ ጨመረችው፣ ሲሆን በእንፋሎቱ ይደርሳል ብላ።

ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ እየወጣን ነው። አልከፈትሽውም አይደል?»

«እኔ?» አለች፣ የድስቱን ክዳን በአንድ እጇ ይዛ። «እውነቴን ነው፣ ሶፋ ላይ ነው የዋልኩት። ወገቤን አመመኝ ከመቀመጥ ብዛት።»

ባሏ ሳለ። ሳሉ አልቆም አለው።

በሩ ሲንኳኳ ተኳሿ ሶፋው ላይ ነበረች። ጉልበቷን ገጥማ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ፎቶ ሊነሳ እንደተቀመጠ ሰው። «ይግቡ!» አለች ከተቀመጠችበት። ልጇ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስራ፣ ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላ ገባች፤ የልጅቷ ባል ተረኛ ስለሆነ ብቻዋን ነው የመጣችው። እናቷን እንዲያ ስታያት በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«እማ፣ አሞሻል?»

«ምን ያመኛል! ተቀምጬ ነው።»

«አባ፣ ምን ሆናለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ እንደዚህ ሆና ነው የዋለች» አለ አባትየው፤ ሁለተኛውን ውሸት እንደ ባልና ሚስት ተካፈሉት።

ሕፃኗ ተኝታለች። ልጅቷ መኝታ ቤት ወስዳ አልጋው መሐል አስተኛቻትና በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ተኳሿ አንገቷ ወደዚያ በር ሊዞር ሲል በግድ መለሰችው። ትራሱ ፊቷ ላይ ቢወድቅስ? ብርድ ልብሱ ከብዷት ይሆን? ተይ፣ አለች ለራሷ። ዛሬ ብቻ ተይ። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። እግሯ ግን ምንጣፉን ይመታል።

ልጅቷ ኩሽና ገብታ ክዳኑን ስታነሳ እናቷ ትንፋሿን ያዘች። ከድስቱ ውስጥ አንድ ማንኪያ ሩዝ ወጣና አፍ ውስጥ ገባ። ቀጭ የሚል ድምፅ እስከ ሳሎን ተሰማ። ከዚያ ልጅቷ ዶሮውን በቢላ ገለጥ አደረገችው፤ አጥንቱ ዙሪያ ቀልቷል።

«እማ።»

የተኳሿ እግር ምንጣፉን መምታቱን አቆመ።

«ስንት ጊዜ ነው የከፈትሽው?»

«አልቆጠርኩትም» አለች በትንሽ ድምፅ።

«እኔም ከፍቼዋለሁ» አለ ሹፌሩ በድንገት፣ ጋዜጣውን አጥፎ። «እሷ ስትወጣ ነው። ሽታው ጠራኝ። አንዴ ነው... ሁለቴ።»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ድስቱን አየች፤ ከዚያ ማንኪያዋን እንደያዘች ከት ብላ ሳቀች። አባትየውም ሳቀ። ተኳሿ ግን ይሄን ሳቅ ታውቀዋለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ክዳኑ ተመልሶ ተከደነ። መጠበቅ እንጂ ሌላ አማራጭ ስለሌለ ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ልጅቷ ሳቋን ጠራርጋ ከጨረሰች በኋላ ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር። ነገር ሲከብዳት እንዲህ ታደርጋለች።

«እማ፣ ልነግርሽ የመጣሁት... የሕፃናት ማቆያ አግኝቻለሁ። ቢሮዬ አጠገብ ነው። ንጹሕ ነው። ሰኞ ትጀምራለች።»

«እሺ» አለች ተኳሿ።

ተነሳች። ጨርቅ አነሳችና ንጹሑን ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረች። ጠረጴዛውን ጨርሳ ወንበሩን፣ ከወንበሩ የመስኮቱን ደፍ ያዘች።

«እማ፣ ተቀመጪ።»

«እየጠረግኩ ነው።»

«እማ፣ በሞቴ ተቀመጪ።»

ተኳሿ ዞረች። ጨርቁን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛዋለች። «ለምን ለኔ አልሰጠሽኝም?» አለች። ቀኑን ሙሉ፣ እንዲያውም ወራቱን ሙሉ በሆዷ ይዛው የዞረችው ነገር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «እኔ ሞቻለሁ? ለማታውቂያት ሴት ከምትሰጫት፣ ለምን ለኔ አልሰጠሽኝም?»

ልጅቷ ደነገጠች። «አልጠየቅሽኝማ! አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽውም። ደግሞ ሥራሽስ? አንቺ ካውያውን ትተሽ ቤት ትውያለሽ ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ትቼዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አልገባም ብያለሁ።»

ሹፌሩ ቀና አለ። «መቼ ነው ይሄ?»

«አንተ ቆይ!» አለችው ሚስቱ።

«እውነቱን ልንገርሽ እማ» አለች ልጅቷ። «ብትጠይቂኝም እፈራ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ሌሊት ሌሊት እየገባሽ ብርድ ልብሴን ትገልጪ ነበር፣ ትንፋሼን ለማየት። በቀሰቀስሽኝ ቁጥር አለቅሳለሁ፣ ታባብይኛለሽ፣ ልተኛ ስል መልሰሽ ትገልጪኛለሽ። እስከ ዛሬ ኮሽ ካለ እነቃለሁ። ባሌን ጠይቂው። ልጄ እንደኔ እንድትሆን አልፈልግም፤ ድብን ብላ እንድትተኛ ነው የምፈልገው።»

ተኳሿ ይሄን ሰምታ አታውቅም። ልጅ መቀስቀስ ጥፋት ነው ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። የምታስታውሰው ጨለማ ውስጥ እጇን ትንሽዬ ደረት ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ ሲል እስኪሰማት መቆሟን ነው።

«አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ» አለች ልጅቷ፣ ወደ እሷ ዘንበል ብላ። «ስትተኛ አትነኪያት። አትግለጫት፣ አትቀስቅሻት። ቃል ከገባሽልኝ ማቆያው ይቅር፣ ሰኞ ላንቺ አመጣታለሁ።»

ይኸው! የፈለገችው ነገር ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል፤ የቀረው እሺ ማለት ነው። እሺ ማለት ደግሞ ምን ይከብዳል፤ ዛሬ ብቻ ስንቴ ዋሽታለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጇን አየቻት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ እንቅልፍ አጥታ የከረመች ሰው ፊት ነው። እናቷን አምና ልትሄድ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

«አልችልም» አለች ተኳሿ።

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ይሄኛው ለመታየት አልነበረም። «እዋሻለሁ እንጂ አልችልም። ድስት መተው ያቃተኝ ሴት ሰው እተዋለሁ? እገልጣታለሁ። ትነቃለች፣ ታለቅሳለች፣ አነሳታለሁ። የኔ ነገር ይኸው ነው። ማቆያው ንጹሕ ከሆነ፣ ሴቶቹም ደህና ከሆኑ፣ እዚያ ውሰጃት።»

ይሄን ስትናገር የልቧ ክፍል ተቆርጦ የወደቀ መሰላት። ባሏ እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ከእጇ ወሰደላት።

ልጅቷ ጣቶቿን ማፍተልተሏን ትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ማቆያውን ሳየው ሴትዮዋ አስጎበኘችኝ። እኛ፣ አለችኝ፣ ሕፃናቱን አስተኝተን በሩን ዘግተን እንወጣለን፤ እስኪነቁ ድረስ ማንም አይገባም። እኔ የምፈልገው ይሄንኑ አልነበር? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያን የተዘጋ በር ሳየው እግሬ አልሄድ አለኝ። ማነው የሚያያት? ዝም ብትልስ ማን ይሰማል? እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ያበድኩ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔም እኮ እገልጣለሁ እማ። ሌሊቱን ሙሉ ስገልጣት ነው የማድረው። ባሌ ልትገድያት ነው ይለኛል። ልጅ ሆኜ ስነቃ እጠላው ነበር፤ ግን ዓይኔን ስከፍት ሁልጊዜ አንቺ አለሽ። አንድም ቀን ጠርቼሽ አላውቅም፤ ቀድመሽ መጥተሻላ።»

ተኳሿ ልትነሳ ፈለገች፣ ልትቀመጥ ፈለገች፤ በመጨረሻ የልጇን እጅ ይዛ በሁለት መዳፏ እንደ ኮሌታ ታለሰልሰው ጀመር። ሁለቱም አለቀሱ። ሹፌሩ መነጽሩን አውልቆ በዚያው ጨርቅ ጠረገና የባሰ አቆሸሸው።

ወሬው ይዟቸው ድስቱን የነካው አልነበረም። ሹፌሩ ድንገት አሸተተና ተነስቶ ከፈተው። «እናንተ፣ ሩዙ ደርሷል!» አለ ደንግጦ። ዶሮው ከአጥንቱ ወርዷል። ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች ክሬሙን ከፍሪጅ አውጥታ አፈሰሰችው፣ ነጩ ከመረቁ ጋር ተቀላቅሎ ወፈረ፣ አባትየው ሳህን መደርደር ጀመረ። ልጅቷ ግን ማንኪያውን እንደያዘች ወደ መኝታ ቤቱ በር እያየች ቆማ ቀረች።

«ዝም አለች አይደል?»

«በጣም» አለች ተኳሿ። ቀድማ ተነስታ ነበር።

«ከተኛች ብዙ ሆናት።»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ።»

«ይበርዳል!» አለ ሹፌሩ። የሰማው የለም። እናትና ልጅ በሩ ላይ እየተጋፉ ገቡ። ሕፃኗ አልጋው መሐል በጀርባዋ ተኝታ፣ ዓይኗን አፍጣ ጣሪያውን ታያለች። መቼ እንደነቃች አይታወቅም፤ አላለቀሰችም። ሁለት ፊት ከላይዋ ሲመጣ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ እግሯን አወራጨች። ተኳሿ እጇን ሰደደችና አቆመችው፤ ልጇን አየቻት፣ እንደሚለምን ሰው።

ልጅቷ ሕፃኗን አንስታ እናቷ ክንድ ላይ አስቀመጠቻት፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለች፣ ጎንበስ ብላም በጆሮዋ እንደምትነግራት ሁሉ «ይቺ አያትሽ ናት» አለቻት። «ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለሽም።»